ጡረታ የወጣው መትረየስ

«ካረጁ አይበጁ» የሚለው ተረት በአገራችን የታወቀ ነው። ሽማግሌዎች በራሳቸው ላይ ሲቀልዱ ይናገሩታል፤ ወጣቶችም አንዳንድ ጊዜ ሽማግሌዎቹ በማይሰሙበት ቦታ ይደግሙታል። ለሰው ልጅ ቃሉ እውነት መሆን አለመሆኑን ለጊዜው እንተወውና፥ ለመሣሪያ ሲሆን ግን ማንም የማይክደው ሕግ ይመስላል። ያረጀ ማረሻ ይጣላል፤ ያረጀ መኪና ይሸጣል፤ ያረጀ ጠመንጃም ግምጃ ቤት ይገባል። እኛም ይህን ጽሑፍ ስናስብ ነገሩ እንደዚሁ መስሎን ነበር። ይሁን እንጂ የልዩ ልዩ አገሮች ሠራዊት አሮጌ መትረየሶቹን ስለ ምን እንዳሰናበተና በምን እንደ ተካቸው ስንመረምር፥ ታሪኩ ከተረቱ ጋራ የማይስማማ ሆኖ አገኘነው። ሳያረጅ የተሰናበተ አለ፤ አርጅቶም ያልተሰናበተ አለ፤ ከተሰናበተ በኋላ እንደ ገና ተጠርቶ የዘመተም አለ።

«ይህ የወታደሮች ጉዳይ ነው፤ ተማሪንና የቢሮ ሠራተኛን ምን ያገባዋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። መትረየስ የሚተኮሰው በጦር ሜዳ ቢሆንም፥ ጡረታ የሚወጣው በቢሮ ነው። ውሳኔው በወረቀት ይጻፋል፤ ፊርማ ያርፍበታል፤ ማኅተም ይመታበታል። ፈራሚው ቢሳሳት ግን የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ሳይሆን፥ ስሙን እንኳ የማያውቀው አንድ ወታደር ነው። ስለዚህ ነገሩ ከብዕር ጋራ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ይመለከታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፥ በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማክሲም ልጅ

«መትረየስ» የምንለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ እንግዳ ነው። ፈረንሳዮች በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ አፈ ሙዝ ላለው መሣሪያቸው ያወጡትን ስም አባቶቻችን በአማርኛ ድምፅ አለስልሰው ተቀበሉት። ዛሬ መትረየስ የምንለውን ዓይነት፥ ማለት ምላጩ ተስቦ እስካለ ድረስ በራሱ ኃይል የሚጐርሰውንና የሚተኩሰውን መሣሪያ የሠራው ግን በአሜሪካ ተወልዶ ኑሮውን በለንደን ያደረገው ሃይረም ማክሲም ነው፤ ዘመኑም 1884 ነበር። ጠመንጃ የተኰሰ ሰው ሁሉ ሰደፉ ትከሻውን እንደሚመታው ያውቃል። ማክሲም ይህን በከንቱ ይጠፋ የነበረ ግፊት ያዘና ሥራ ሰጠው። ግፊቱ ባዶውን ቀለህ እንዲያወጣ፥ አዲሱን ጥይት እንዲያጐርስና እንደ ገና እንዲተኩስ አደረገው።

ቪከርስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የማክሲምን ሥራ ከገዛ በኋላ መሣሪያውን አቅልሎና አሻሽሎ በራሱ ስም አወጣው፤ የእንግሊዝ ጦር ሠራዊትም በ1912 ተቀበለው። ቪከርስ በደቂቃ ከ450 እስከ 500 ጥይት ይተኩሳል። አፈ ሙዙ እንዳይግል 4 ሊትር ያህል ውሃ የሚይዝ የብረት እጀ ጠባብ ለብሷል። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ በጎማ ቧንቧ ወደ አንድ ቆርቆሮ ይሄዳል፤ በዚያም ቀዝቅዞ እንደ ገና ውሃ ሲሆን ተመልሶ ይጨመራል። በዚህ ዘዴ ውሃው ይቆጠባል፤ ደግሞም ወደ ሰማይ የሚወጣው እንፋሎት ተኳሹ ያለበትን ቦታ ለጠላት አያሳብቅም።

መሣሪያው ከነውሃውና ከነሦስት እግሩ 40 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 250 ጥይት የያዘው እያንዳንዱ ሣጥን ደግሞ 10 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ቪከርስ ለማገልገል ስድስት ሰው ያህል ይመደብ ነበር፤ አንዱ ይተኩሳል፥ አንዱ ዝናሩን ያቀብላል፥ የቀሩት ጥይቱን፥ ውሃውንና መለዋወጫውን ይሸከማሉ። እንግሊዞች በ1915 ለመትረየስ ብቻ የተለየ የጦር ክፍል አቋቁመው ነበር። ጠላት ከሁሉ አስቀድሞ ሊያጠፋው የሚፈልገው መትረየሱን ስለ ሆነ፥ በዚያ ክፍል ካገለገሉት 170,000 ያህል ሰዎች መካከል ከ60,000 የሚበልጡት ሞተዋል፥ ቆስለዋል ወይም ጠፍተዋል። ወታደሮቹም ክፍላቸውን በቀልድ «ራሱን የሚገድል ማኅበር» ይሉት ነበር። መትረየስ ለሚተኩስበት ብቻ ሳይሆን ለሚተኩሰውም ሞት መሆኑን ይህ ቀልድ በሚገባ ያስረዳል።

ያልታመመው ጡረተኛ

ስለ ቪከርስ ጥንካሬ የጦር መሣሪያ ታሪክ ጸሐፊዎች የሚተርኩት አንድ ነገር አለ። በ1963 በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር አውራጃ በሚገኝ የጦር ሰፈር፥ ሠራዊቱ ከእንግዲህ ወዲህ የማይሠራበት 5 ሚሊዮን ያህል አሮጌ ጥይት ተከማችቶ ነበር። የጦር መሣሪያ ጥገና ተማሪዎችም ጥይቱን በአንድ ቪከርስ ተኩሰው እንዲጨርሱት ተደረገ። ሁለት ሁለት እየሆኑ በየግማሽ ሰዓቱ እየተፈራረቁ፥ ሲግል አፈ ሙዙን እየለወጡ፥ ሲጐድል ውሃውን እየሞሉ፥ ወደ ሰባት ቀንና ሌሊት ተኰሱበት። በመጨረሻ መሣሪያው ተፈታቶ ቢለካ፥ አንድም ክፍል ከተወሰነለት ልክ አልወጣም ይባላል።

እንግዲህ አንባቢያችን ያስተውል። ይህን ፈተና አለፈ የሚባለው መሣሪያ ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በመጋቢት 1968፥ ከእንግሊዝ ሠራዊት በይፋ ተሰናበተ። ከመሰናበቱ አስቀድሞ ለመጨረሻ ጊዜ የተዋጋውም ከእኛ ብዙ ሳይርቅ፥ ከቀይ ባሕር ማዶ በኤደን በስተ ሰሜን ባለው በራድፋን ተራራ ነው። አልተሰበረም፤ አልነቀዘም፤ አልሳተም። ታዲያ ስለ ምን አሰናበቱት?

መልሱ ከዚያው ከ5 ሚሊዮኑ ጥይት ጋራ ነው። ማርጀት የጀመረው መሣሪያው ሳይሆን ምግቡ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች፥ አንዱ ሠራዊት ጥይት ሲያልቅበት ከሌላው ሊበደር ይችል ዘንድ፥ በ1950ዎቹ ውስጥ 7.62 በ51 ሚሊ ሜትር የሆነውን ጥይት የጋራ አደረጉት። እንግሊዞችም በ1954 በዚሁ ጥይት የሚተኩሰውን የቤልጅግ ጠመንጃ መረጡ። ከዚያ በኋላ ቪከርስ የሚበላው አሮጌው ጥይት ከጠመንጃዎቹ ጋራ የማይካፈሉት፥ ለብቻው የሚሠራ፥ ለብቻው የሚጓጓዝና ለብቻው የሚቈጠር ሆነ። አንድ ሻለቃ በሁለት ዓይነት ጥይት ሲዋጋ የጥይት ኃላፊው ሥራ በእጥፍ ይጨምራል፤ በጨለማና በጥድፊያም ያልሆነው ሣጥን ወደ ምሽጉ ይላካል። በዚያች ሰዓት የመትረየሱ ጥንካሬ አንዳች አይረባም።

በአገራችን ስሙ የታወቀው ብሬን ግን በዚያው ዘመን ሌላ ዕድል ገጠመው። እርሱም በአሮጌው ጥይት ይተኩስ ነበር፤ ሆኖም አዲሱን ጥይት እንዲጐርስ ተለውጦ ተሠራና እስከ 1990ዎቹ ድረስ አገለገለ። ሁለቱ የአንድ ሠራዊት ባልደረቦች ሲሆኑ አንዱ ምግቡን ለመለወጥ ስለ ተመቸ ጡረታው ዘገየለት ማለት ነው።

ስድስቱን ሰው የተካው

የቪከርስ ወንበር የተሰጠው በቤልጅግ አገር በኤርስታል ከተማ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ኤርነስት ቬርቪዬ የሚባል መሐንዲስ ላወጣው «ማግ» ለሚባለው መትረየስ ነው። አሳቡ የመነጨው ግን ከጀርመን ነበር። ከ1934 በፊት ሠራዊቶች ሁለት ዓይነት መትረየስ ይይዙ ነበር፤ እንደ ብሬን ያለ ከእግረኛ ጋራ የሚሮጥ ቀላል፥ እንደ ቪከርስም ያለ በአንድ ቦታ ተተክሎ የሚተኩስ ከባድ። ጀርመኖች በዚያ ዓመት ያወጡት መትረየስ ግን በሁለት እግር ሲቆም ቀላል፥ በሦስት እግር ላይ ሲታሰር ከባድ ሆኖ ሁለቱንም ሥራ ይሠራ ጀመር። በውሃም ፈንታ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው፤ አፈ ሙዙ ሲግል በጥቂት ሴኮንድ ተነቅሎ ሌላ ይገባለታል።

ማግ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ክብደቱ 12 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሁለት ሰዎች ይዘውት ይሮጣሉ፤ በመኪና፥ በታንክና በሄሊኮፕተር ላይም ይታሰራል። ቪከርስ የሚፈልገውን ስድስት ሰው፥ የውሃ ቆርቆሮና የጎማ ቧንቧ ሁሉ በአንድ ጊዜ አስቀረ። ወታደር በእግሩ ተጉዞ በአንድ ምሽግ ወራት በሚቀመጥበት ዘመን ውሃና ስድስት ሰው ችግር አልነበረም። ወታደር በሄሊኮፕተር ወርዶ በማግሥቱ ወደ ሌላ ተራራ በሚሄድበት ዘመን ግን 40 ኪሎ ግራም ብረት ትልቅ ዕዳ ነው።

ነገር ግን እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። አዲሱ ሲገባ የቀረም ነገር አለ። በነፋስ የሚቀዘቅዝ መትረየስ አፈ ሙዙን ሳይለውጥ እንደ ቪከርስ ለረጅም ጊዜ ያለ ማቋረጥ ሊተኩስ አይችልም። መተካት ማለት ሁልጊዜ የሚሻለውን መውሰድ ብቻ አይደለም፤ የሚያስፈልገውን ወስዶ ከእንግዲህ የማያስፈልገውን አውቆ መተው ነው። «አውቆ» የሚለው ቃል ይሰመርበት።

ከሞት የተነሣው

በሩስያ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሩስያዎች ያንኑ የማክሲምን መትረየስ በ1910 አሻሽለው፥ በመንኰራኵር ላይ አስቀምጠው ይዋጉበት ነበር፤ ክብደቱም ከነሠረገላው ከ60 ኪሎ ግራም ይበልጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠሩት ዓይነት ደግሞ ውሃ በሌለበት ጊዜ በረዶ እንዲጠቀጠቅበት አፉ ሰፊ ነበር። በ1943 ሌላ መትረየስ ተተካለት፤ በ1961ም በአገራችን ሳይቀር የታወቀው «ፒኬ» ወጣ። ተሻሽሎ የወጣው «ፒኬኤም» ክብደቱ 7.5 ኪሎ ግራም ብቻ ነው።

ሩስያዎች በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር አልለወጡም። ጥይቱ በ1891 ለጠመንጃቸው ያወጡት፥ 7.62 በ54 ሚሊ ሜትር የሆነው ያው ነው። አሮጌው ማክሲም፥ ተተኪውና የተተኪው ተተኪ ሁሉ ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ከዚህም የተነሣ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። በዩክሬን ጦርነት፥ በተለይም ከ2022 ወዲህ፥ የዩክሬን ወታደሮች ከግምጃ ቤት የወጣውን ማክሲም አቧራውን ጠርገው ዛሬ በተሠራ ጥይት ይተኩሱበት ጀመር። ከባድ ነው፤ ነገር ግን ከምሽጉ ለማይንቀሳቀስ ወታደር ክብደቱ አይጎዳውም። ውሃው ደግሞ ለረጅም ጊዜ እንዲተኩስ ያስችለዋል። ጥይቱም ጦርነቱም እርሱ የሚያውቃቸው ዓይነት ሆነው ጠበቁት።

ቪከርስና የሩስያው ማክሲም የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አንዱ ሳይታመም ተቀበረ፤ ሁለተኛው ከመቃብር ተጠራ። ለያይቶ ያስቀመጣቸው ዕድሜ አይደለም፤ ጥይት ነው።

ወጣቱ ሽማግሌና ሽማግሌው ወጣት

ወደ አሜሪካ ብንሻገር ደግሞ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። የአሜሪካ ሠራዊት በ1957 «ኤም 60» የተባለ አዲስ መትረየስ ተቀብሎ በቬትናም ተዋጋበት። በወረቀት ላይ ሲታይ ዘመናዊ ነበር። በወታደሩ እጅ ሲገባ ግን እንከኑ ወጣ። መለወጫው አፈ ሙዝ ሁለት እግሩን ተሸክሞ ስለሚመጣ ያለ ጥቅም ይከብዳል። አፈ ሙዙ እጀታ ስለሌለው፥ የጋለውን ለመንቀል የአስቤስቶስ ጓንት ያስፈልጋል፤ ጓንቱ ከጠፋ ወታደሩ እጁን ያቃጥላል። በውስጡ ያለ አንድ ክፍል ደግሞ ተገልብጦ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ መትረየሱ አንድ ጥይት ብቻ ተኩሶ ይቆማል። በሠንጠረዥ ላይ ሥዕሉን ያጸደቀው ሰው በጨለማ፥ በዝናብና በፍርሃት መካከል ያንን ክፍል አላስገባም ነበርና እንከኑ አልታየውም።

በ1990ዎቹ የአሜሪካ እግረኛ ጦር ኤም 60ን በሌላ ተካው። ተተኪው ማነው ቢሉ፥ ያው የቤልጅጉ ማግ ነው፤ አሜሪካኖች በ1977 ለታንክ መርጠውት በእጃቸው ነበር። ኤም 60ና ማግ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የተወለዱት በ1950ዎቹ ነው። አንዱ እኩያውን ጡረታ አስወጥቶ ወንበሩን ወረሰ። ተተኪው በ2 ኪሎ ግራም ያህል ይከብዳል። ወታደር ደግሞ ክብደትን የሚጠላ ፍጥረት ነው። ቢሆንም የማይነክሰውን ከባድ ከሚነክሰው ቀላል መረጠ።

በዚያው ሠራዊት ውስጥ በ1926 የሞተው ጆን ብራውኒንግ ያሰበው ትልቁ መትረየስ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1933 ነው፤ በ2010 አፈ ሙዙ ቶሎ እንዲለወጥ ተሻሻለ እንጂ አልተሰናበተም። በ2015 በአላባማ ግዛት ባለው የሠራዊቱ የጥገና ሰፈር ተራ ቍጥሩ 324 የሆነ አንዱ ተገኘ፤ ዕድሜው ከ90 ዓመት በላይ ሲሆን ሥራው አልተበላሸም ነበር። ጥይቱ ዛሬም ይሠራል፤ ሥራውም ዛሬም ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ማንም ጡረታ ውጣ አላለውም። ከእርሱ በብዙ የሚያንሰው፥ በ1984 የገባው «ኤም 249» የሚባለው ቀላል መትረየስ ግን ተተኪ ተመርጦለታል። የአሜሪካ ሠራዊት በ2022 በ6.8 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ አዲስ መትረየስ ሲመርጥ ምክንያቱ የመሣሪያው ማርጀት ብቻ አልነበረም፤ የጠላት ወታደር የሚለብሰው የደረት ጥሩር መጠንከሩም ነው።

በእኛ ዘንድ

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን «ውጅግራ» የሚሉት ጠመንጃ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው። ፈረንሳዮች በ1874 ተቀብለውት በ1886 በሌላ ተኩት። እነርሱ ያሰናበቱት ግን በዐድዋ፥ በእኛ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም.፥ በኢትዮጵያውያን እጅ ድል አደረገ። አንዱ ሠራዊት ያባረረው በሌላው ቤት አዲስ ሙሽራ ሆኖ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው ትዝታችን የቅርብ ነው። ኢትዮጵያ በ1953 ከአሜሪካ ጋራ ካደረገችው ውል በኋላ ሠራዊቷ በአሜሪካ ጠመንጃና መትረየስ ታጥቆ ነበር። በ1977፥ በእኛ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም.፥ ያ ወዳጅነት ሲቋረጥ የሶቪየት መሣሪያ መጣ። እዚህ ላይ የቢሮ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ወጥመድ አለ። የአሜሪካው አሮጌ ጥይት ስፋቱ 7.62 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኔቶው 7.62 ነው፤ የፒኬኤሙ 7.62 ነው፤ የክላሽንኮቩም 7.62 ነው። ቍጥሩ አንድ ሆኖ የቀለሁ ርዝመት ግን በየተራ 63፥ 51፥ 54ና 39 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ውስጥ አይገባም። «7.62 ጥይት ይላክ» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ጸሐፊ፥ ፊደሉ ምንም ያማረ ቢሆን፥ ምንም አልጻፈም።

የተሰናበተው መሣሪያ ወዴት እንደሚሄድም መጠየቅ ይገባል። በ2011 የሊቢያ መንግሥት ሲወድቅ ግምጃ ቤቶቹ ተዘረፉ፤ መሣሪያውም በረሃ አቋርጦ እስከ ማሊ ደረሰ። ኢትዮጵያም የፈረመችው የ2004ቱ የናይሮቢ ስምምነት ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ መሣሪያ እንዲመዘገብ፥ እንዲጠበቅና እንዲወገድ የሚያዘው ስለዚህ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ደመወዙ ቢቆም ጡረታውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ጡረታ የወጣ መትረየስ ግን የሚቈጥረው ሰው ካላገኘ ሌላ ጌታ ፈልጎ ሥራ ይጀምራል።

ተረቱን ለመሻር አንደፍርም፤ የሽማግሌዎች ነውና። ነገር ግን ነገ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «ይህ አሮጌ ነው፤ በአዲስ ይተካ» የሚል ወረቀት የሚቀርብለት ወጣት ባለሥልጣን፥ ስለ መትረየስም ይሁን ስለ ውሃ ሞተር፥ የተሠራበትን ዓመት ብቻ አይቶ እንዳይፈርም እንለምነዋለን። ምግቡ ዛሬም ይገኛል ወይ? የሚሠራው ሥራ ዛሬም አለ ወይ? በእጁ የሚይዘው ሰው ምን ይላል? አሮጌውስ ከዚህ ወጥቶ ወዴት ይገባል? እነዚህን ጠይቆ ከሆነ ይፈርም። ካልጠየቀ ግን ብዕሩን ለጥቂት ጊዜ ያስቀምጥ፤ መሣሪያውን ይዞ የሚቆመው ሰው ለመጠየቅ ጊዜ አይኖረውምና።